ስለ ማረፊያ ክፍሉ ጨዋታና ስለ ሦስት ቁጥር ማሽን

ለተከበሩ የድስትና ሳህን ፋብሪካችን የሠራተኞች ደህንነት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ቤትዎ በሰላም፣ ወንበርዎም በምቾት እንዲያኖርዎ እመኛለሁ። እኛም በቀረን አካል ደህና ነን። እኔ በብየዳ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ያገለገልኩ በያጅ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ በግልጽ የለጠፍኩት ከዚህ በፊት ለእርስዎ በግል የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ እንጂ፣ ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አስቤ አይደለም።

እንደሚያስታውሱት፣ ሥራ ይፋጠን ተብሎ ሳህን የሚያትመው የሦስት ቁጥር ማሽን መከላከያ ሽፋን ከተነሣ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። በነዚህ ወራት ማሽኑ መጀመሪያ የአንድ አባወራ አውራ ጣት፣ ቀጥሎ የአንዲት እህታችንን መዳፍ፣ በመጨረሻም የታናሽ ወንድሜን አራት የቀኝ እጅ ጣቶች ከሳህን ጋር ጨፍልቆ አትሟል። ወንድሜን ከማሽኑ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ከጣቶቹ የቀረውን ከቆርቆሮው ላይ የፋቅነው በቢላዋ ነበር። ሽፋኑ ይመለስልን ብለን ስንለምን፣ እርስዎ ሰብስበውን አደጋ የሚመጣው ከማሽን ሳይሆን ከተረበሸ መንፈስ መሆኑን በሰፊው አስረዱን፤ በሳምንቱም በማረፊያ ክፍላችን ትልቅ ስክሪንና መንፈስ የሚያረጋጋ ሙዚቃ ያለው የቪዲዮ ጨዋታ አስገቡልን። የለመንነው ብረት ነበር፣ የመጣልን ሙዚቃ ነው፤ እናመሰግናለን።

ጨዋታው ያማረ መሆኑን አልክድም። እንደ ጥልፍ በትንንሽ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች የተሠራች ጥንቸል ከእርከን ወደ እርከን እየዘለለች ትሄዳለች፤ ጠላት የለባት፣ ሰዓት አይቆጠርባት፣ ገደል ብትገባ እንኳ ደመና ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሳታል። ኮምፒውተሩም መንገዱን በየጨዋታው እንደ አዲስ ስለሚፈጥረው፣ ማንም ሰው አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ አያገኘውም። ያገኘነውን እረፍት በዝርዝር ላቅርብ።

፩ኛ. መንገዱን ኮምፒውተር እንደሚፈጥረው አስቀድሞ የነገረን ስላልነበረ፣ እኛ በልምዳችን ተመርተን የሚያድለው ፎርማኑ ነው ብለን ደመደምን። በዚህ ፋብሪካ ሳይታደል የመጣ ነገር ስለማናውቅ ይቅርታ ይደረግልን። የፎርማኑ አማች የሆነው ቀለም ቀቢ ሦስት ቀን በተከታታይ ሜዳ ሜዳው ሲደርሰው፣ የድስት ጠርዝ የሚሞርደው ሞራጃችን ግን ገደል ብቻ ሲገጥመው፣ ሞራጁ «ለአማቹ ሜዳ፣ ለኔ ገደል» እያለ ተነሥቶ የቀለም ቀቢውን አፍንጫ በበርጩማ ሰበረው። ቀለም ቀቢውም ብድሩን ሳያሳድር የሞራጁን ሁለት የፊት ጥርሶች አራገፈለት። ፎርማኑ ሊገላግል ገብቶ ራሱ ተፈንክቶ በሰባት ስፌት ወጣ። ሙዚቃው ለአፍታም አልተቋረጠም፤ ጥንቸሏም ደም በተረጨው ስክሪን ላይ ጆሮዋን አቁማ ተራ የደረሰውን ሰው ስትጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት ድብድብ ተካሂዷል፤ ስለ ሁሉም መጻፍ ጊዜዎን መሻማት ይሆንብኛል።

፪ኛ. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥርስ ከረገፈ በኋላ እርስዎ ማስታወቂያ አወጡ። መንገዱን የሚሠራው ሰው እንዳልሆነ፣ በዕጣ ራሱ እንደሚመጣ፣ ስለዚህም ማንም ተጠያቂ እንደማይሆን ገለጹልን። ስለ ጨዋታው ከሆነ አምኛለሁ። የገረመኝ፣ ስለ ወንድሜ ጣቶች ያወጡት ሪፖርትም ቃል በቃል ይህንኑ ማለቱ ነው። ጨዋታው አንዱን ገደል ሁለት ጊዜ አያመጣም። ሦስት ቁጥር ማሽን ግን ሦስቱንም ሰዎች የጨፈለቃቸው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ምት፣ ሽፋኑ በተነሣበት በዚያው በኩል ነው። ዕጣ እንዲህ አይወጣም፣ ጌታዬ።

፫ኛ. ወንድሜ ፋሻው እንደተፈታ የሕክምና ወረቀቱን ሊያስገባ መጣ። እርስዎም በደግነትዎ ማረፊያ ክፍል አስገብተው፣ ጓደኞቹ እያዩ፣ ያረጋጋሃል ብለው የጨዋታውን መቆጣጠሪያ አስያዙት። ጣት በሌለው እጅ አይያዝምና ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ለሦስተኛ ጊዜ አንሥተው ሲሰጡት፣ የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ ነቅሎ ስክሪኑን እስኪደቅ ቀጠቀጠው። ያን ጊዜ ከስክሪኑ ይልቅ የእርስዎ ራስ ይቀርበው ነበር፤ ስክሪኑን መምረጡን እስከ ዛሬ እንደ ጨዋነት እቆጥርለታለሁ። በማግስቱ ንብረት አውዳሚ ተብሎ ተባረረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም ስለ እሱ አልረሳሁም።

፬ኛ. አዲስ ስክሪን በሁለት ቀን መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በፊርማዎ የተደገፈ የሥራ ትእዛዝ ወደ እኔ ደረሰ፤ ለስክሪኑ ጠንካራ የብረት መከላከያ ሽፋን በአስቸኳይ እንዲሠራለት ይላል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለማሽኑ ብረት የለም ሲባል ከርሞ፣ ለጥንቸሏ ግን ብረቱ ተቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመበየጃ ጭምብሌን አድርጌ አለቀስኩ። ንዴት ይሁን ኀዘን እኔም አልለየሁትም።

ከሰኞ ጀምሮ በሦስት ቁጥር ማሽን ላይ እንድትቆም የተመደበችው የወንድሜ ሚስት ናት። ባሏ ከተባረረ ወዲህ እሱን የምታጎርሰው፣ ሁለት ልጆቿንም የምታሳድገው በሁለት እጆቿ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽፋን። የሚያረጋጋን ሌላ ነገር እንዳያስቡልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

እስከ ቀረችን የመጨረሻ ጣት ድረስ አክባሪዎ፣ ስለ ጥበቃዎም ሁሉ ባለ ዕዳዎ የሆንኩት፣
የብየዳ ክፍል በያጅ፣
የንብረት አውዳሚው ታላቅ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ያዘዙትን ሽፋን ትናንት ጨርሻለሁ። ልኩን ስወስድ ተሳስቼ ኖሮ ለስክሪኑ እጅግ ሰፋ፤ በሦስት ቁጥር ማሽን ላይ ግን ልክክ ብሎ ስለገጠመ፣ በብሎን ከማሰር ይልቅ በአራቱም ማዕዘን በይጄዋለሁ። ይነሣ የሚሉ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ይምጡና በገዛ እጅዎ ያንሡት፤ ሥራ እንዳይጓተት ማሽኑን አናቆምም፣ እጅዎን የሚያስገቡበትን ቦታ ግን እኔ ራሴ አሳይዎታለሁ።