አባባ የትኛው ገጽ ላይ ነው?

ማክሰኞ

መጽሐፉ ሐሙስ ገበያ ላይ ይውላል! ራሱ ደራሲያችን በሬዲዮ ተናገረ። ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ስኒው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አላየሁትም። ስንት ዓመት ጠፍቶ፣ «እሱማ ከእንግዲህ አይጽፍም» ብለን ተስፋ ከቆረጥን በኋላ መጣልን። አዲሱ ልቦለድ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ስላደግሁበት ሰፈርና ስላሳደጉኝ ሰዎች» አለ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ከሶፋው ቀና አለች። የዓይኗን ሞራ ካስገፈፈች ገና ሳምንቷ ነው፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው የምትውለው። የድሮ አራዳ መስላለች።

«ሰማሽ ትዕግስት? አባትሽን ጽፎታል» አለችኝ።

እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ደራሲያችን የምንለው በከንቱ አይደለም፤ የቦሌ ሚካኤል ልጅ ነው። ቤታቸው ጠባብ ስለነበር ከትምህርት ቤት ሲመለስ የአባባ ልብስ ስፌት ቤት ገብቶ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያጠናው። ምሳም ከአባባ ጋር ይበላ ነበር ይባላል። እኔ አላስታውስም። አባባ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። የቀረልኝ ጥቂት ነው፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር፣ የጠመኔ ሽታ፣ የስፌት መኪናው ኳኳታ። የራሱ ድምፅ ግን የለኝም። ስንት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት፣ የለም። እማዬም አታወራልኝም። እሱ ሲነሳ ሁልጊዜ የምትሠራው ነገር ታገኛለች፤ ወይ የሚታጠብ ዕቃ አለ፣ ወይ የሚታጠፍ ልብስ።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የምጠብቀው እንደ ሌላው አንባቢ አይደለም። አባቴን የሚያውቅ ሰው ሊነግረኝ ነው።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ሙሉ ቀን ደመና ላይ ነበርኩ። የምሠራበት የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ከኤርፖርቱ ስለማይርቅ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ እሱንም አልሰማሁ። አንድ ደንበኛ የዱባይ ቲኬት ሲጠይቀኝ «ለሐሙስ ነው አይደል?» አልኩት። ሰውዬው የሚሄደው ለሚቀጥለው ወር ነው።

የሚያሳስቡኝ ነገሮች፦
መጽሐፉ ባይጥመኝስ?
አባባ ክፉ ሰው ሆኖ ቢመጣስ?
ደግ ሰው ሆኖ ቢመጣና እኔ ባላውቀውስ?
ሐሙስ መብራት ቢጠፋስ?

እማዬ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮዋ ድረስ ማንበብ ተከልክላለች። በወጣትነቷ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ስር ደብቃ ልቦለድ ታነብ የነበረች ሴት ናት፤ ከምግብ ብትከለከል ይሻላት ነበር። ስለዚህ የማነብላት እኔ ነኝ። «ቀድመሽኝ እንዳትሄጂ፤ እኩል ነው የምናነበው» ብላ አስማለችኝ። በሚካኤል ማልኩላት።

ሐሙስ

ገዛሁት! በምሳ ሰዓት፣ መጽሐፍ እስከ አገጩ ደርድሮ ከሚዞረው ሰውዬ ላይ። ዝናብ ስለነበር በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ከሰዓት ሙሉ መሳቢያዬን እየከፈትኩ መኖሩን ሳረጋግጥ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ አሸተትኩት። ባልደረባዬ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ሽፋኑን ብቻ ልይ ብዬ አወጣሁት። ሽፋን አይቶ የሚያቆም ሰው የት አለ? የመጀመሪያው ምዕራፍ በጭጋግ ይጀምራል። ከጭጋጉ ውስጥ የሚካኤል ቅዳሴ ይሰማል፤ ቀጥሎ ጭቃው፣ ጋራዦቹ፣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ሰፈራችን ፈርሶ መንገድ ከሆነ ቆየ። እኛም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከወጣን ቆየን። እዚያ ገጽ ላይ ግን በሩ ሁሉ በየቦታው አለ። የእኛ በር ላይ የነበረችው የተሰነጠቀች ደረጃ እንኳ ትታየኝ ጀመር፤ እሱ ሳይጽፋት። መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ የትኛው ዝናብ የመጽሐፉ፣ የትኛው የዛሬ እንደሆነ ጠፋኝ። ረዳቱ «እህት፣ መጨረሻ ነው» ሲለኝ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ።

መሐላዬ በአንድ ምዕራፍ ፈረሰች ማለት ነው። ለእማዬ እንደ አዲስ አነበብኩላት። በየመሃሉ እያስቆመችኝ «ይሄ የነማን በር ነው? ቆይ፣ ቆይ፣ አወቅሁት» ትላለች። ምዕራፉ ሲያልቅ «አባትሽ አልመጣም?» አለችኝ።

«ገና ነው እማዬ። ገና ምዕራፍ አንድ ነው።»

ዓርብ

ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እትዬ ዘሐራ ደወሉ። በድሮው ሰፈር በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ አሁን ቤታቸው ለሚ ኩራ ነው፣ ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ።

«ቲጂዬ፣ መጽሐፉ ውስጥ አለሁ! ወላሂ! ልጄ ቁጭ ብሎ አነበበልኝ። ሦስት ገጽ ነኝ! ስሜን ሩቅያ ብሎታል፤ ይበል! የኔን በርበሬ የማያውቅ ማን አለ?»

የድሮ ሰፈር ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነው ያለው። ጋራዥ የነበራቸው ሰውዬ፣ ፍቅረኛው ጥላው የሄደችው መካኒክ እኔ ነኝ ብለዋል። ሚስታቸው «የቷ ፍቅረኛ?» ብለው አኩርፈዋል አሉ። ሦስት ሴቶች ቆንጆዋ እኔ ነኝ እየተባባሉ ነው። አንድ ሌባም አለ። እሱን ግን እስካሁን ማንም እኔ ነኝ አላለም።

«ዘሐራ ሦስት ገጽ ካገኘች፣ አባትሽማ ምዕራፍ ነው» አለች እማዬ። ፊቷ በራ።

አልቻልኩም። ከሰዓት ቢሮው ጭር ሲል መሐላዬን ጨርሼ አፈረስኩ። «ልብስ ሰፊ» የሚለውን ቃል እየፈለግሁ እስከ መጨረሻው በረርኩ። አንድ ቦታ አገኘሁት። «ከልብስ ሰፊው ቤት አለፍ ብሎ የሩቅያ በር ይገኛል።» በቃ። ሌላ የለም። ተመልሼ ፈለግሁ፤ የለም።

አባባ ምልክት ሆኖ ቀረ። በዚህ ከተማ አድራሻ ስንናገር እንደምንለው፤ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

የሚያናድደው ደግሞ የመጽሐፉ ማማር ነው። መጥፎ ቢሆን ደራሲውን ረግሜ እገላገል ነበር። እየበረርኩ እንኳ ልቤን የያዙኝ ቦታዎች ነበሩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ስናነብ ስናነብ እዚያች ገጽ ላይ ደረስን። ዝናቡ አባርቶ በረንዳው ላይ ለስላሳ ፀሐይ ወጥታለች። እማዬ ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። «ከልብስ ሰፊው ቤት አለፍ ብሎ…» ብዬ አነበብኩ። እጇን አንስታ አፏ ላይ አደረገች። ያንን እጅ ባላይ ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር።

«ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ ረጅም ሰው ነበሩ» አልኩ፣ ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል።

«ረጅም?» እማዬ ሳቀች። «ያ ልጅ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ሽቅብ እያየው ነው ረጅም የመሰለው። አባትሽ ከእኔ ብዙም አይበልጥም ነበር።»

«ሲሰፉ ያፏጩ ነበር» ብዬ ቀጠልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«አያፏጭም! ያንጎራጉራል እንጂ። ደግሞ ድምፁ ቀጭን ነው። የሱቁን ስልክ ሲያነሳ ‹እትዬ፣ እባክዎ ጋሽ ታደሰን ያገናኙኝ› ነበር የሚሉት። እሱም ሳይናደድ ‹ይጠብቁ› ይልና፣ ትንሽ ቆይቶ ድምፁን አወፍሮ ‹ሃሎ!› ይላል።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ቀጭን! የአባባ ድምፅ ቀጭን ነበር! ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አልነገረችኝም። ዕቃ እያጠብኩ ብቻዬን «ይጠብቁ» እያልኩ ሞከርኩት፤ ቀጭን፣ ከዚያም የበለጠ ቀጭን። የሆነ ቦታ ላይ የማውቀው መሰለኝ።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማክሰኞ ማንበብ ይፈቀድላታል። መጽሐፉን ራሷ ትገልጠዋለች። ባሏ እንደተረሳና ልጇ እንደዋሸቻት በአንድ ቀን ታውቃለች። ቁጣዋን አልፈራም። የምፈራው ተመልሳ እንዳትዘጋብኝ ነው።

እሑድ

እትዬ ዘሐራ መጡ፤ በርበሬ ቋጥረው፣ ሦስት ገጻቸውን እንደ ሹመት ይዘው። ልጃቸው መጽሐፉን ጨርሶ አንብቦላቸዋል። ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ያውቃሉ ማለት ነው። ገና አረፍ ሳይሉ እማዬ «ትዕግስት፣ እስቲ የታደሰን አንብቢላት» አለች።

መጽሐፉን አነሳሁ። እትዬ ዘሐራን ቀና ብዬ ማየት አልደፈርኩም። አንድ የበዓል ዋዜማ ፈጠርኩ፤ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ፣ ሁሉም ልብሴ የታለ እያለ፣ አባባ ግን ከሁሉ በፊት ምንም ለሌላት ለአንዲት ልጅ ቀሚስ ሲሰፋ። ጨረስኩ። እትዬ ዘሐራ አዩኝ፣ አዩኝ።

«እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የኔንም ልጅ የዒድ ሱሪ እንዲያ አይደል የሰፋለት! መብራት ሄዶ፣ በፋኖስ። ነፍሱን ይማረው።»

«ፋኖሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለች እማዬ። «ክንዴ እስኪዝል። እሱን አልጻፈውም እንዴ?»

«አልጻፈውም» አልኩ። ቢያንስ ይህ እውነት ነው።

ሁለቱ ያንን ቀን እየተቀባበሉ ሲያወሩ አመሹ። እኔ አዳመጥኩ። በር ድረስ ስሸኛቸው እትዬ ዘሐራ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው «ልጄ የገዛው መጽሐፍ ገጽ ይጎድለዋል መሰለኝ» አሉኝና ደረጃውን ወረዱ።

ሰኞ

ታክሲ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አባባን ስሠራ ሄድኩ፣ ስሠራ ተመለስኩ። ዛሬ ሁለት እርማት ብቻ ነው የደረሰብኝ፤ ሻይ በአራት ስኳር እንጂ በሁለት አይጠጣም፣ መቀሱንም ለማንም አያውስም። ለእኔ ትልቅ ድል ነው። እውነተኛውን ልቦለድ ከተውነው ሦስተኛ ቀናችን። የመካኒኩ ፍቅረኛ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጃንጥላዋን ዘርግታ እንደቆመች አለች፤ ደራሲው ይቅር ይበለኝ።

ለነገ ያሰብኳቸው መላዎች፦ መጽሐፉ ታክሲ ውስጥ ጠፋብኝ ልበላት። ገጿን ልቅደዳት። ደራሲውን ፈልጌ በሁለተኛው እትም ጨምርልኝ ብዬ ልለምነው። እውነቱን ልንገራት። የመጨረሻዋን ለመጻፍ ብዕሬ ራሱ ዳገት ሆነበት።

ማክሰኞ

ሐኪሟ «ደህና ነዎት እናቴ፣ አሁን ማንበብ ይችላሉ» አለቻት። ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ የመስኮቱን ወንበር ይዛ የመንገዱን ጽሑፍ ሁሉ ታነብ ጀመር። «የጥርስ ክሊኒክ። የሙሽራ ልብስ እናከራያለን። ጎማ እንጠግናለን።» እንዲያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ ተሳፋሪው ፈገግ ይላል። እኔ መንገዱ ባያልቅ ብዬ እመኛለሁ።

ቤት እንደገባን የማንበቢያ መነጽሯን ጠራርጋ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ገጿን ራሷ ፈልጋ አገኘቻት። በጣቷ መስመሩን ሄደችበት፣ የሚቀጥለውንም አነበበች፣ ከዚያ ዘጋችው።

«እማዬ፣ እሱ ምንም አልጻፈም» አልኩ። «ሁሉም የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ገጽ ሳትገልጪ ነው ያነበብሽልኝ። የታከምኩት ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።»

ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ? ለምንስ ስታርመኝ ከረመች?

«አዝኛለሁ፣ አልዋሽሽም» አለች ሽፋኑን እያሻሸች። «ያ ልጅ ከአባትሽ ጋር ከአንድ ሳህን በልቷል። አቃጥሎኛል። ግን አንቺ ረጅም ነበር፣ ያፏጭ ነበር ስትዪ የባሰ ደነገጥኩ። ልጄ አባቷን አታውቀውም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ካነሳሁት አለቅሳለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። እኔም አላፊ ነኝ፣ ዘሐራም አላፊ ናት። ያኔ ማን ያርምሻል?»

አንገቷ ስር ገብቼ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ዓይኔን እንዳላስቆጣ ተብያለሁ» ብላ ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትንሽ ቆይታ መጽሐፉን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ያ ልጅ እኔና አባትሽ እንዴት እንደተገናኘን አልጻፈም» አለች። «እስቲ አንብቢልኝ።»

መሃሉን ገለጥኩ። ምንም የማውቀው ነገር የለም። «ቀኑ ዝናባማ ነበር» ብዬ ጀመርኩ።

«ፀሐይ ነበር» አለች እማዬ።