ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቀው ፓፓያ

ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ አገርነሽ፤ ካሉበት ከቢቸና በደኅና ይድረስልኝ።

እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረዎት ወይስ እንደ አምናው በምርኩዝ ነው የሚሳለሙት? ላሚቱ ወለደች ወይ? ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ምራትዎ የሺአረግም ቆማ ትሄዳለች። ደኅና ናት ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን የሚያነብልዎ ዲያቆን መርስዔ ኀዘን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ ዲያቆን፣ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለህ አንብብላቸው፤ እንዳይደነግጡ ብለህም ምንም አትዝለል።

በስልክ ለምን አልነገርኸኝም እንዳይሉኝ። ስደውል ደኅና ነን፣ ደኅና ነን ብለው ይዘጉብኛል። ድምፄን ከፍ ባደርግ ደግሞ የሺአረግ ትሰማኛለች፤ ለእናትህ እንዳትነግር ብላ አስጠንቅቃኛለች። አሁን ኪዳን ልታስደርስ ስለ ሄደች ነው አጋጣሚውን ያገኘሁት።

አምና በፍልሰታ እዚህ ባሕር ዳር መጥተው፣ ሦስታችን ዘጌ ተሻግረን ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ስንመለስ የሆነውን አይረሱትም። ሐይቁ ተናውጦ ጀልባዋ ወዲህና ወዲያ ስትል፣ እርስዎ ነጠላዎን ተከናንበው፣ እመቤቴ ለዚህች ልጅ ፍሬ ብትሰጫት የሚመጣውን ፍልሰታሽን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ ትጾምልሻለች ብለው ተሳሉ። የሺአረግ እያለቀሰች አሜን አለች። እኔ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ስለ ነበር አሜን የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ልመናዎ ተሰማ። ነገር ግን እናቴ፣ የሚመጣው ፍልሰታ ሲመጣ ልጁ ገና በሆዷ እንደሚሆን ማናችንም አላሰብነውም። ስለቱ የደረሰው እሷ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነው። ሐኪሟ ደምሽ አንሷል፣ ጽንሱም ከሚጠበቅበት ክብደት ዝቅ ብሏል፣ ሳትበዪ እንዳትውዪ ብላታለች። እሷ ግን ለደሟ የታዘዘላትን ኪኒን እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትውጥም። የንስሐ አባታችን አባ ገድሉ፣ እርጉዝ ናት፣ ጠዋት ትቅመስ ብለው ፈቅደውላታል። የተሳሉት እማማ ናቸው፣ እሳቸው ሳይፈቱኝ ብበላና ልጄ እንደ ፊተኛው ቢሆንብኝ ወዴት እገባለሁ ብላ እምቢ አለች። የፊተኛውን ካጣን ወዲህ ይህች ልጅ ሳትፈራ ያደረችበትን ሌሊት አላውቅም። እኔም የምፈራው ያንኑ ነው፤ እሷ ስትበላ ትፈራለች፣ እኔ ሳትበላ ስትቀር እፈራለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሽሮው ገና ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች፤ ዘይት የነካው ሁሉ ያቅለሸልሻታል። የሚወርድላት ቀለል ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጣፋጭ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ማድ ቤት ገባሁ። እንግዲህ ይሳቁብኝ። ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ጣፋጭ ሲሠሩ እያየሁ እነሱ ያደረጉትን አደርጋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ጉድ አፈላ። ሙዝ ፈጭቼ ከአንድ ነጭ ዱቄት ጋር መታሁት። ቆርቆሮው ላይ ኮኮናት ተሥሎ ስላየሁ የጾም ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርሁ። ሁለት ማንኪያ ጎርሳ፣ ደስ ብሏት፣ ምን ምን አለበት ብላ ቆርቆሮውን ስታነበው ለካ የላም ወተት ተቀላቅሎበታል። አፏን ስትጉመጠመጥ፣ ስታለቅስ አመሸች። በዚህም አላበቃች፤ ፍልሰታን ገደፍሁ ብላ በራሷ ላይ ስግደት ጨመረች። በዚያ ሆዷ ግድግዳ ይዛ ስትነሣ ሳይ፣ ላግዛት ብዬ የባሰ ሸክም እንደ ጫንሁባት ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ከመግዛቴ በፊት ባለ ሱቁን እንደ መርማሪ እጠይቀዋለሁ።

ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቤት ልወስዳት ጀመርሁ። ሆቴል ለሆቴል ይዟት ይዞራል ብለው አይዘኑብኝ፤ ሰው ሲበላ እያየች ትበላ እንደሆነ ብዬ ነው። ሐይቁ ዳር የመጀመሪያው ቤት የጾም አለን አሉን፤ ገና ሳንቀመጥ ከማድ ቤቱ የዓሣ ጥብስ ሸተታትና በር ላይ ተመለሰች። በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ ግቢ በታች አደይ የምትባል ሴት የከፈተችው ቤት አገኘን። ዓመቱን ሙሉ ከጾም ምግብ ሌላ አይሠራበትም። ሱፍ ፍትፍት፣ ቀይ ስር፣ ጎመን፣ ድፍን ምስር በትንሽ በትንሹ ዙሪያውን ደርድረው ሲያቀርቡላት፣ እናቴ፣ በላች። ከጎኗ የተቀመጡ ተማሪዎች ሲያጎርሷት እየሳቀች ተቀበለች። እኔ ራሴ በልቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አደይ ሁኔታችንን አይታ ማድ ቤቷ አስገባችኝና እሷ የምትሠራውን አሳየችኝ። የበሰለ ፓፓያ ይፈጫል፤ ተምር በሞቀ ውኃ ተዘፍዝፎ በስኳር ፋንታ ይገባበታል፤ ሎሚ ይጨመቅበትና ላዩ ላይ የተቆላ ኦቾሎኒ ተወቅጦ ይበተናል። ይኸው ነው። አሁን በየጠዋቱ እሠራውና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ፓፓያውም እንደ እኔው ዘጠኝ ሰዓትን ሲጠብቅ ይውላል። ሰሞኑን ግን ሎሚው በዛ፣ ወይም ተምሩ በዛ እያለች ትወቅሰኛለች። ምክንያቱን ኋላ እነግርዎታለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ዝም ልል ነበር፤ ሰኞ የሆነው አላስቻለኝም። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል በሴቶቹ በኩል ሰዎች ተንጫጩ። እኔ በወንዶቹ በኩል ቆሜ ነበር፤ የወደቀችው ማን እንደ ሆነች ያወቅሁት በነጠላዋ ጥለት ነው፤ እርስዎ የሰጧት ነጠላ ነው። እንዴት እንደ ደረስሁ አላውቅም። ክሊኒክ ወሰድናት፤ የልጁ ልብ ይመታል፣ ተመስገን። ሐኪሟ ግን ሚስትህን ከወደድህ ነገ ጠዋት አብላት ብላ ተቆጣችኝ። በማግስቱ ጠዋት ፓፓያውን አልጋዋ ድረስ አመጣሁላት። ከጎኗ አስቀመጠችውና ሰዓቷን አየች።

ፍልሰታው ገና እኩሌታው ነው፤ የቀሩት ቀናት ከፊቴ ቆመው ያስፈሩኛል። ስለዚህ እናቴ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስለቱን ከእሷ ላይ አንሥተው በእኔ ላይ ያድርጉት። አባ ገድሉን ጠይቄያቸው፣ የተሳሉት ከፈቀዱ ይሆናል ብለውኛል። እመቤታችን ዕዳዋን አታጣም፤ ከፋዩ ብቻ ይለወጥ። ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎ በወንድሜ በአስማማው ስልክ ይደውሉላትና፣ ልጄ ብዪ፣ ጠዋት ብዪ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ ይበሏት። የእኔን ቃል አትሰማም፣ የሐኪሟን አትሰማም፤ የእርስዎን ትሰማለች።

ወንድሜን አስማማውን፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይዞ ይጠብቅ በሉልኝ። ለባለቤቱ ለመሲ የላከችው ተልባ እንደ ደረሰን፣ የሺአረግም እንደ ወደደችው ይንገሩልኝ። ትንሿን ዜማን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ አጎቷ ጣፋጭ ሠሪ ሆኗል ቢሏት አታምንም። ዲያቆን መርስዔ ኀዘን፣ ስላነበብህልን እግዜር ይስጥህ፤ በጸሎትህ አትርሳን።

የፓፓያው ነገር እንዲህ ነው፣ እናቴ። ስኳር ዕቃ የሚደብቁበት ቦታ ያሳጣዎት ልጅዎ፣ ከሰኞ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ ስለዚህ ሎሚውም ተምሩም በዓይን ግምት ነው የሚገባው። ለእሷ አልነገርኋትም። በጀልባው ላይ ሳልል የቀረሁትን አሜን አሁን ብያለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ድምፅ ነው።

ልጅዎ መልካሙ
ባሕር ዳር፣ ነሐሴ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.