ለወይዘሮ ያልበቃው ሳር

የልቤ ሰው ምንይችል፣

ከተለየኸኝ አስራ አንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ እየተቀመጥኩ እነሳለሁ፤ አንድ መስመር ጽፌ ወደ በረቱ እሄዳለሁ። ስለ ላማችን ስለ ወይዘሮ ነው። ሕመሙ ሲጠናብህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ ላሟን እያየህ፣ "እሷን ከግቢ እንዳታስወጫት" ብለኸኝ ነበር። እሺ አልኩህ። ያን ቀን ምን ብትለኝ እሺ ነበር የምልህ።

ቤቱ ደህና ነው። ለከሰል ብለህ ሜዳችን ላይ የተከልከው የደከረንስ ዛፍ የቤቱን ጣሪያ አልፏል። ለሳር የቀረችን ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ቁራጭ መሬት ብቻ ናት። ሜዳውን አሳንሰን ላሟን አተለቅን፤ ጥፋታችን ይኸው ነው። ጥፋታችን ያልኩት ላንተ አዝኜ ነው እንጂ ያንተ ነበር።

እንጅባራ ገበያ ስንገዛት አጠገቧ ቆመህ ጀርባዋ ደረትህ ጋ ሲደርስ የሳቅከው ሳቅ አሁንም ይታየኛል። የእሷ ወይፈን ደልቦ ለፋሲካ ሲቀርብ አገር ያየዋል አልከኝ። ምን ትበላለች ብዬ ብጠይቅህ፣ የቀድሞዋ ላማችን ቦራ የምትበላውን አልክ። ወይዘሮ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አረማመዷ የከተማ ሴት ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ወይፈኗም አላሳፈረህም።

ከዚያ ወዲህ ግን ኮርማ ፈልጋ አታውቅም። ትንሿ ቦራ በአንድ እቅፍ ድርቆሽ ውላ ታድራለች፣ ዘንድሮም ወለደች። ወይዘሮ ሁለት እቅፍ በልታ ዓይኗ ሦስተኛውን ይፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሯት በሽታ የለባትም አለኝ፤ የምትበላው ያን ሁሉ ሰውነት ለማቆም እንኳ አይበቃም፣ ለጽንስ ከየት ይምጣ አለ። ከቦራ ድርሻ ቀንሼ ብሰጣት የቦራ ወተት ነጠፈ፣ ጥጃዋ ከሳች። ያኔ ተናደድኩብህ። የሞተን ሰው መቆጣት እንዴት እንደሚያደክም ብታውቅ።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ከተኛችበት መነሳት አቃታት። ጎረቤቶች መጥተው ከሆዷ ሥር ሁለት አጣና አስገብተው በሸክም አቆሟት። ልደግፋት ጎድኗን ስነካ፣ በመጨረሻ ሰሞን ሳገላብጥህ የነካሁት ጎንህ ትዝ አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

ዳንግላ ያለው ወንድምህ ሰፊ የመስኖ ሳር አለው። እሷን ስጪኝና ቦራን የምታክል ጊደር ልስጥሽ ሲለኝ ከርሟል፤ ላንተ የገባሁትን ቃል እያሰብኩ እምቢ ስል ቆየሁ። ትናንት ደውዬ እሺ አልኩት። ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ይወስዳታል። ከደወልኩለት ወዲህ እጄ ሥራ አይዝልኝም፤ ሊጡን ጀምሬ እተዋለሁ፣ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ እንስራ ይዤ እመለሳለሁ። ምን እንደምፈራ ልንገርህ? አመሻሽ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ እኔም እሷም ቀና እንላለን። ከነገ ጀምሮ አንተን የምጠብቀው ብቻዬን ነው።

ዛሬ ሦስተኛውን እቅፍ ሰጠኋት። ነገ ገመዷን ለማንም አልሰጥም፣ እስከ አስፋልቱ ራሴ እስባታለሁ። ቃሌን አፍርሻለሁና ይቅር በለኝ። በሙት ዓመትህም፣ ከዚያም በኋላ እስካለሁ ድረስ ስምህን እየጠራሁ አስብሃለሁ። አንተን ላስታውስ ብዬ ግን ከብት አላስርብም።

ያንተው ጥሩወርቅ