«ደረት» ተብሎ ስለተጻፈው የእህቴ ጡት

ቀን፦ ሐምሌ 9፣ ረቡዕ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል።
ይህ ሲጻፍ የነበሩ፦ እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የቀሚስ ቁልፍ ቀዳዳ የምትዘመዝመው የሥራ ባልደረባዬ።

ለአካባቢው ጤና ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እህቴ ጡቷን እንድትመረመርና የጡት ምርመራ ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካቿ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የሴቶች ልብስ የምሰፋ ነኝ። ማንበብ የለመድኩት ለልብስ ልክ ከምንቀደው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ አንዳንዱን ነገር ግማሹን ብቻ አውቅ ይሆናል። የተሳሳትኩት ቢኖር እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ፤ እንዲታለፍ ግን አልጠይቅም።

2. ቢሮዎ በጤና ጣቢያው በር ላይ ባስለጠፈው ማስታወቂያ፣ «በተደረገው ጥናት በአካባቢያችን የጡት ካንሰር ጫና ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ» የምርመራ ክፍሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋና ነርሷም ወደ ሌላ ቦታ እንደምትዛወር ገልጿል። ዝናብ እየመታኝ ደጋግሜ አነበብኩት። «ዝቅተኛ» የሚለው አልዋጥልኝ አለ።

3. ያልተዋጠልኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። ሴት ለባሏ ያልገለጠችውን ለልብስ ሰፊዋ ትገልጣለች። በአንድ ወገን ጥጥ ጨምሪልኝ የምትል አለች፤ አንገቱን ወደ ላይ ሳቢልኝ የምትል አለች፤ ባለፈው ዓመት ያሰፋችውን የግራውን ብቻ አስፊልኝ ብላ የምትመልስ አለች። አንዷ ደንበኛዬ ሜትሩን ሳጠብቅባት «ቀስ በይ እቴ፣ እንግዳ ተኝቷል እዚህ ጋ!» ብላ አስቃኝ ነበር። ቀሚሱን ከዚያ በኋላ ያመጣችው ልጇ ናት፤ በራሷ ልክ እንዳጠብብላት። እናቷን ምን እንዳገኛት ስጠይቃት «ደረቷን ነበር የሚያማት» አለችኝ። ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው። በእኛ ሙያ ደረት የምንለው ሜትር የሚዞርበትን ሁሉ ነው፤ ሴቶቹም ጡት ማለት ሲያፍሩ ደረት ይላሉ።

4. እህቴ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ሊጥ ስታቦካ ክንዷ ሲነካው የቀኝ ጡቷ ውስጥ ጠጣር ነገር አገኘች። ለእኔ ሳትነግረኝ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ወንድ ሴቱ ከኋላዋ በተሰለፈበት፣ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብሎ ጮኾ ጠየቃት። «ደረቴን» አለችው። ደረት ብሎ ጻፈ። ሳንባ ወደሚታይበት ክፍል ተላከች፤ ታስያለሽ ወይ ተባለች፤ ፎቶ ተነሳች። ባለሙያውም ደግ ሰው ሆኖ «ሳንባሽ ንጹሕ ነው፤ እኔ አጫሹ ቀናሁብሽ» ብሎ አሰናበታት። እህቴ ትኩስ ዳቦ ይዛ ቤቴ ድረስ መጥታ «ነፃ ነኝ!» አለችኝ። ምኑ ነው ነፃ የሆነው ብዬ ስጠይቃት ነው ሁሉን የነገረችኝ። ጠጣሩን ነገር ይዛው ሄዳ ይዛው ተመለሰች፤ ማንም እጁን አላሳረፈበትም።

5. ይህን ለማስታረም ሄጄ ነበር። የመስኮቱ ሰው «እናቴ፣ ደረት ተባልኩ፣ ደረት ጻፍኩ። ልብሷን ላስወልቃት ኖሯል?» አለኝ፤ ሰልፉ ሳቀ። ሲስቁ እኔ ሌላ ነገር አሰብኩ። በዚች ቃል ወደ ሳንባ ክፍል የተላኩት ሴቶች የት ተቆጠሩ? ዝቅ ያለው በሽታው ነው ወይስ ድምፃችን?

ከዚህ የባሰም እጠረጥራለሁ። የምርመራ ክፍሉ ወንበሮች ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ቀድመው ኮሪደር ላይ ወጥተው አይቻለሁ። ጥናቱ ክፍሉን አስዘጋው ወይስ ክፍሉ ስለተፈለገ ጥናቱ መጣ? ማስረጃ የለኝም። ጥርጣሬ መሆኑን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ ጥርጣሬዬን የሚያነሳልኝ መልስ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

6. በዚያው ግድግዳ ላይ ለበሽታው የሚያጋልጡ ነገሮች በሥዕል ተደርገው ተለጥፈዋል። ዕድሜ፣ መጠጥ፣ ውፍረት፣ አለመውለድ፣ አለማጥባት፣ በቤተሰብ መኖሩ። የእህቴ አማት ይህን አስነብባ «አልወለደች፣ አላጠባች፤ ታዲያ ከሰማይ ወረደባት?» ብላለች። ከዚያ ወዲህ እህቴ ተመልሳ መሄድ እምቢ አለች፤ መሄዱ ጥፋቷን ማመን መስሎ ታያት። ነርሷን በር ላይ ጠብቄ ስጠይቃት «ከእነዚህ አንዱም የሌለባት ይይዛታል፤ ሁሉም ያለባትም ላይይዛት ይችላል» አለችኝ። ይህ ለምን ከሥዕሉ ሥር አልተጻፈም?

7. ይህን ቁጥር ለሌላ ነገር ይዤው ነበር፤ አሁን ግን የምጽፈው ሌላ ነው። እህቴ ከትከሻዬ በላይ ሆና ስታነብ «በቤተሰብ» የሚለው ላይ ስትደርስ የምጽፍበትን እጄን ያዘችው። እናታችን የሞተችው በደረት በሽታ ነው ስንል ነው የኖርነው፤ ለጠየቀን ሁሉ የምንለው ይህንኑ ነው። ስትታጠብ በሩን ከውስጥ ትቀረቅር ነበር፤ በሙቀትም ቢሆን ከነጠላዋ አትለይም ነበር። እህቴ መጨረሻ ላይ «እታለም፣ እማዬ እኮ አስላ አታውቅም» አለችኝ። ባልደረባዬ መርፌዋን አስቀመጠች። እኔም አስቤ አስቤ አንዲት ሳል ትዝ አላለችኝም።

8. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ/ ነርሷ ሳትዛወር እህቴ እንድትመረመር፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚያስገባት ሪፈር እንዲጻፍላት፤

ለ/ «ደረት» ተብለው የተላኩት ሴቶች ተጠርተው የሚያማቸው የቱ እንደሆነ ሳይጠየቁ ክፍሉ እንዳይዘጋ፤

ሐ/ ሴት ልጅ ሕመሟን የምትጠየቀው መስኮት ላይ ሳይሆን በር ተዘግቶ እንዲሆን፤

መ/ መልሱ በቃል ሳይሆን ማኅተም ባለው ወረቀት እንዲሰጠኝ። በቃል የተነገረኝን ነገ አልተባለም ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ።

ተጨማሪ፤ ሐሙስ ጠዋት። ዝናቡ አባርቷል።

ማመልከቻው ሳይገባ አደረ። ዛሬ ተነስቼ ቀሚሴን ተኮስኩ፣ ሱቁን ለባልደረባዬ ተውኩላት፣ እህቴን ከዳቦ ቤቷ በር ላይ ጠብቄ ይዣት መጣሁ። እጅጌዬን ጨብጣ ተሰለፈች። የመስኮቱ ሰው ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ጠየቃት። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት «ጡቴን» አለች። «ምን?» አላት። «ጡቴን! አንተም የጠባኸውን!» አለችው። ዛሬ ማንም አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ሰው አላምንምና አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ልማድ ሆኖበት «ደረት» ብሎ ጽፏል። ጣቴን ቃሉ ላይ አሳረፍኩ። ሰረዘውና አስተካከለው።

እህቴ ገብታለች። ይህን የምጽፈው ኮሪደር ላይ ከወጡት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጬ ነው። በሩ ገና አልተከፈተም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ መልስዎን እየጠበቅሁ፣

ከገበያው ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ
(ፊርማ)