ዮናስ ቤት ይዋል?

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 1፡20፣ ባቡር ላይ

ቆሜ ነው የምጽፍብሽ፣ ደብተሬ። ፊደሉ ቢንጋደድ ተጠያቂው ባቡሩ ነው። ከሲ.ኤም.ሲ. እስከ መገናኛ እንኳን መቀመጫ ክርን መዘርጊያም አይገኝም።

ሶሊ ዛሬም ከአባቷ ጋር ቀረች። አላለቀሰችም። በእጇ ሂጂ አለችኝ። ገና ዓመት ከአምስት ወሯ ነው፣ ከአሁኑ ታሰናብተኛለች።

ሞግዚቷ ጽጌ ዱባይ ከሄደች ሁለት ሳምንት። ደላላው ያመጣልን ተተኪ ሁለት ቀን ሠርታ በሦስተኛው ስልኳን ዘጋች። ከጽጌ በፊት የሞከርነው የሕፃናት ማቆያ ደግሞ ልጄን በጤና ተቀብሎ በሳል ይመልሳል። ስለዚህ ባሌ ዮናስ (ከዚህ በኋላ ዮ. እለዋለሁ፣ ባቡሩ ለረጅም ስም አይመችም) ከሚያስተምርበት ት/ቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ቤት ነው። ለጊዜው ነው ተባብለን ነበር።

ትናንት ግን ዳይፐር እየቀየረ፣ ቀና ሳይል፣ ት/ቤት እስክትገባ እኔ ብይዛትስ አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። የመጪው ዓመት ውል ለመምህራን ታድሏል። ውሉ የሚመለስበት ቀን ግንቦት 26። ወይ ይፈርማል ወይ ይለቃል።

መገናኛ ደረስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

መፍትሔውን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ሥራ ልቀቅ። እማዬ ብላለች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ብላለች። ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ ሳትቀር የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀምጣ መክራኛለች።

ለምን እኔ? ብድር ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቼ ዘንድሮ ለምክትል ሥራ አስኪያጅነት ታጭቻለሁ። ከሁለታችን ደመወዝ የእኔ ይበልጣል። የዮ. ለሞግዚት፣ ለማቆያና ለሐኪም ነው የሚያልቀው። ደግሞስ ሥራዬን እወደዋለሁ። ወደድኩት፣ ምን ይጠበስ?

አቅሙ አለን ወይ ነው ጥያቄው። የባንክ ሰው ነኝ፣ ማስላቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በእኔ ደመወዝ ብቻ ሦስታችን እንበላለን፣ እንለብሳለን። የሲ.ኤም.ሲ.ን አፓርታማ ግን አንችለውም። የሚቀረን አንድ ቦታ ነው፦ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እማዬ ግቢ፣ ከጀርባ ያሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች። ከዚያ ግቢ ሳገባ ስወጣ፣ ተመልሼ አልገባም ብዬ ምያለሁ። አጥሩ አጭር ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳስነጠስሽ ጎረቤት ይቆጥራል።

ዛሬ ደግሞ አለቃዬ ልጅሽን ማን ያዘልሽ አለችኝ። ባለቤቴ አልኩ። ሥራ የለውም እንዴ? ማስተርሱን እየጨረሰ ነው፣ ጥናቱን ቤት ሆኖ ነው የሚጽፈው አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሳያደናቅፈኝ ወጣ። ጎበዝ ነው አለች።

ምን ልበላት ታዲያ? ሻይዋን እየጠጣች የቤቴን ጉዳይ ታብጠርጥረው?

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ከሥራ መልስ

ዮ. ፍሪጁ ላይ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ለጥፏል። 1ኛ ክ/ጊዜ ገንፎ። 2ኛ ክ/ጊዜ ፀሐይ መሞቅ። 3ኛ ክ/ጊዜ እንቅልፍ፣ በቅንፍ «ተማሪዋ ፈቃደኛ ከሆነች»። የመምህሩ እረፍት የሚል የለበትም።

ሶሊ በእሱ እጅ አንድም ቀን አልሳለችም። ጉንጯ ሞልቷል። ቀናሁ። አዎ፣ ቀናሁ፣ ይጻፍ።

ትናንት እማዬ ጋ ይዟት ሄዶ ነበር። ከታክሲ ወርደው ዳገቱ ላይ ሶሊ አልራመድም፣ በእቅፍም አልሆንም አለች። ከቦርሳው ማዘያውን አወጣና ጀርባው ላይ አዘላት። ከጽጌ ነው የተማረው። ወንድ ልጅ፣ የሒሳብ መምህር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በማዘያ፣ በፈረንሳይ ገበያ መሀል። ሲነግረኝ ልጅቷ ወዲያው መተኛቷን ነው ያወራኝ፣ ሌላው ነገር አልታየውም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ደወለች። ሰላምታ የለም። ምን አድርገሽው ነው አለችኝ። ምንም። ከሥራ ተባሮ ነው? አይደለም። ተጣልታችሁ ነው? አልተጣላንም እማዬ። ዝም አለች። እማዬ ስትጮህ ይሻለኛል፤ ዝም ስትል አንድ ነገር እያሰበች ነው።

እሁድ፣ ግንቦት 17። ከሰዓት 10 ሰዓት

ሽማግሌ ተላከብን። አልቀለድኩም።

ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ናቸው። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላሁን፣ እንጦጦ ራጉኤል አጠገብ ከሚኖሩበት ድረስ መጥተው። የዮ. አጎት ጋሽ መኮንን። ሦስተኛው የእማዬ እድር ሰብሳቢ። ተቀመጡ። ነገሩ ሳያልቅ ውሃም አንቀምስም አሉ።

የተላኩት ሊያስታርቁን ነው። አልተጣላንም አልን። ጋሽ መኮንን ፈገግ አሉ። ይህን ያህል ዘመን ሲያስታርቁ፣ ተጣልተናል ብሎ በሩን የከፈተላቸው ባልና ሚስት አላጋጠማቸውም። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ቅሬታችንን በየተራ እንናገር። መጀመሪያ እኔ።

ደሜ ፈላ። በትሕትና ጀመርኩ፣ በትሕትና አልጨረስኩም። ቅሬታ የለኝም አልኳቸው። ባሌ ልጁን ይይዛል፣ እኔ እሠራለሁ፣ ተመካክረን ነው፣ ነገሩን ለሰፈር ማስረዳት አይጠበቅብንም። ደግሞ እናንተ ስትመጡ በሩን የከፈተላችሁ ልጅ ታቅፎ ነው፣ ምን ጎደለው አልኩ። የእድሩ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምሬ መሬት መሬት አዩ። ደስ አለኝ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ መኮንን፣ በቅንነት፣ እኛን ያገዙ መስሏቸው ተናገሩ። ልጃቸው እኛው ባንክ ሌላ ቅርንጫፍ ነው የምትሠራው። ዮናስ ቤት የዋለው ለማስተርሱ መሆኑን ከእሷ ሰምተዋል። ይሄ እኮ የሚያኮራ ነገር ነው፣ ለእናትሽ ብትነግሪያት እኛም ባልደከምን አሉኝ።

ዮ. ዞሮ አየኝ። ሶሊ ጉልበቱ ላይ ሆና የመምሬን መቋሚያ ትጎትታለች። የምን ማስተርስ ብሎ አልጠየቀም። ገባው።

አንተስ ልጄ፣ ቅሬታ አለህ ወይ አሉት መምሬ።

«እስካሁን አልነበረኝም» አለ። «አሁን አለኝ። እኔ ልጄን በመያዜ አላፈርኩም። ያፈረችብኝ እሷ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ሥራ አገኙ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ አሉን፣ ተባባልን። ተቃቀፉ አሉን፣ ተቃቀፍን። ትከሻው እንጨት ሆኖብኛል። ተመረቅን። ውሃውን ጠጡ።

ሳንጣላ መጥተው፣ አጣልተው፣ አስታርቀው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19። ምሳ ሰዓት

አልታረቅንም። ዮ. ሲናደድ ቢጮህ ጥሩ ነበር። አይጮህም። ገንፎ፣ ፀሐይ፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም በሰዓቱ። ለእኔ ምሳሽ ቦርሳሽ ውስጥ ነው። በቃ።

ትናንት ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ እስክሪብቶ ጭምር። እፈርማለሁ አለኝ። በእሱ በምታፍር ሴት ቤት ተቀምጦ አይውልም። ሶሊ ወደ ማቆያው ትመለሳለች።

ነደደኝ። ሽማግሌ ፊት የተከራከርኩት ለማን ሆነና! ከእናቴ የተቀያየምኩት ለማን ሆነና! አንዲት ትንሽ ውሸት፣ ያውም ለእሱ ክብር ብዬ! እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁብሽ። ከዚያ ቀደድኩት። ለእሱ ክብር ካልኩ፣ ያለው ክብር ምን ጎደለውና ሌላ ፈጠርኩለት?

እውነቱን ልጻፍ፣ ከአንቺ ሌላ የሚያነብብኝ የለም። እማዬ ላይ መጮህ ቀላል ነው። እማዬ የሥራ እድገት አትሰጠኝም። ጀግንነቴ ምንም በማያስከፍለኝ ቦታ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21። ባቡር ላይ

ዛሬ ዮ. ሶሊን ለማለማመድ ግማሽ ቀን ማቆያ ሊወስዳት ነው። ከቤት ስወጣ ጫማዋን እያሰረላት ነበር። ሰሌዳውን ከፍሪጁ ላይ አንስቶታል። 

ማታ የጨመርኩት፦ አፍንጫዋ ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ ሳለች። 

እሁድ፣ ግንቦት 24። ፈረንሳይ፣ ታክሲ ስጠብቅ

እንጦጦ ወጥቼ ወረድኩ።  መምሬ ጥላሁን ጋ ነበርኩ።

ከደጃቸው የዘር ድንች ሲመርጡ አገኘኋቸው። ዮ. ላይ ሽማግሌ ልልክበት መጥቼ ነው አልኳቸው። አሁን የምር ተጣልተናልና ይምጡልኝ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። የበሰበሱትን ድንቾች ወደ አንድ ጎን እየለዩ፣ ምን ብዬ ልንገረው አሉኝ።

ማፈሬን ትቻለሁ ይበሉልኝ አልኩ።

«ትተሻል ወይ?» አሉኝ።

  ከባንኩ እስከ ፈረንሳይ ገበያ የማውቀው ሰው ሁሉ ፊቴ ተደረደረ። አልተውኩም አልኳቸው። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አፍሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ።

እንግዲያው እኔ ይዤ የምወርደው መልእክት የለም አሉ። ቁጣ የለባቸውም። በፌስታል ድንች ሞልተው ሰጡኝ፣ ለልጅቷ ቀቅይላት ብለው።

በእግሬ ወረድኩ። ማገዶ የተሸከሙት ሴቶች ሁለት ጊዜ ቀደሙኝ፣ እኔ የያዝኩት የሁለት ኪሎ ድንች። እማዬ በር ላይ ደረስኩ። አልገባሁም። መጀመሪያ መናገር ያለብኝ ሌላ ቦታ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 25። ምሳ ሰዓት

እውነቱን ተናገርኩ።

አለቃዬ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ሳልዘጋ። ባለፈው ስለ ባለቤቴ የነገርኩሽ ውሸት ነው አልኳት። ማስተርስ የለም። ቤት ያለው ልጃችንን ሊያሳድግ ነው፣ እኔ እሠራለሁ። ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። እና አንቺ ተስማማሽ አለችኝ። እኔም ነኝ የምፈልገው አልኳት። የቤቴ ሁኔታ እንዲህ ከሆነ የምክትልነቱን ጫና እችለው እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ በጣም በጨዋ ቋንቋ። እዚህ ቅርንጫፍ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ሐሳቧን ጥላ የምትሠራ እናት ካለች አሳዪኝ አልኩ።  መልሷን ለእድገቱ ስብሰባ አስቀመጠችው።

ስወጣ ከገንዘብ ከፋዮቹ አንዷ ለጓደኛዋ አንድ ነገር አለችና ሁለቱም ተሳሳቁ። ፊቴ ጋለ። ግን መዝገቤን ይዤ በመካከላቸው አልፌ ሄድኩ። እድገቱን ከከለከሉኝ ይከልክሉኝ፣ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ እጠይቃቸዋለሁ።

ለዮ. ይህን አልነግረውም። ነገርኳቸው እኮ ብዬ ብሄድ ማርክ ስጠኝ ማለት ይሆንብኛል።

ያው ሰኞ። ማታ 1፡30

ነገ 26 ነው። ውሉ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊርማ የለበትም። ዮ. እኔን ሲጠብቅ የቆየ መሆኑ ገባኝ።

ሶሊን እያጠብኩ እማዬ ጋ ደወልኩ። እጄ ሳሙና ስለሆነ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው። ዮ. ፎጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሽማግሌ ስለላከችብኝ ልወቅሳት አስቤ ነበር፤ ጊዜ የለኝም። ከጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራዪን አልኳት፣ እንደ ማንኛውም ተከራይ እንከፍላለን። ኪራይ የሚለው ቃል አስቀየማት። ከልጄ ኪራይ ልቀበል አለች፣ ትንሽ ተነፋረቀች። ከዚያ ዋናውን ጠየቀች።

«እዚህም መጥቶ ቤት ሊውል ነው? በማዘያ? ሰው ሁሉ እያየው?»

ዮ.ን አላየሁትም። ወደ ስልኩ ነው የተናገርኩት።

«አዎ እማዬ፣ ይዩት። ባሌ ነው፣ ያዘለውም ልጁን ነው። የሚጠይቅሽ ካለ ልጄ ናት የፈለገችው በይ።»

  ትልቁ ክፍል ጣራው ያፈሳል አለች። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ይቀየር፣ ዮናስ ነገ ይምጣና ይለካ። ልጅቷንም ይዟት ይምጣ አለች።

ዞር ስል ዮ. ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎታል። ሶሊ ውሃ ረጨችበት፣ አልተንቀሳቀሰም። እኔም አለቀስኩ፣ በሳሙና አሳብቤ።

ወስነናል። ነገ ጠዋት ውሉን ሳይፈርም ይመልሳል፣ ከዚያ ፈረንሳይ ሄዶ ጣራውን ይለካል። አፓርታማውን እንደምንለቅ ለአከራያችን የምነግራት እኔ ነኝ።