ከቢሆነኝ ሱቅ የሚጣራው ድምፅሽ

ሰቆጣ፣ የካቲት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ባለቤቴ ከሆንሽ፣ ለባለቤቴ ለጥሩሐረግ፤

ጤናሽን ልጠይቅ ብዕር ካነሳሁ በኋላ ተውሁት። ጤነኛ መሆንሽን የሰቆጣ ሕዝብ በጆሮው ሰምቷል፤ እንደዚያ አድርጎ የሚጣራ ሰው አይታመምም። እኔም አለሁ። ከስፌት መኪናዬ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። እናትሽ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። ገብሱ ዘንድሮ ደግ ነው፤ ባቄላውን ግን ውርጭ ጨረሰው። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ደብዳቤውን ራሴ የምጽፈው ለጸሐፊ ብናገር እስከ ማታ ገበያው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ባትሪና ሳሙና ይሸጥ የነበረውን ቢሆነኝን አትረሽውም። አሁን ካሴት ቤት ከፍቷል። ሱቁና የእኔ በረንዳ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ እሱ የከፈተውን እኔ ሳልወድ እሰማለሁ። ኅዳር ላይ ከወልድያ የመጣ ሾፌር አንድ የፈረንጅ ካሴት አመጣለት። ድም ድም ድም ይላል፣ እረፍት የለውም፤ ልብ ድካም ያለበት ሰው በዚያ ባያልፍ ይሻላል። መሃል ላይ አንድ ወንድ እየተቆጣ ይለፈልፋል፤ ዘፈን ይሁን ክስ አይታወቅም። የተማሪው ጎረምሳ ሁሉ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ወትፎ በሱቁ ደጅ ይዘል ጀመር። እኔ ኮት እየቆረጥሁ ነበር። በዚያ ድብደባ መሃል አንዲት ሴት ተጣራች።

አንቺ ነበርሽ። ፃግብጂ ሳለን፣ ከቤታችን ደጅ ቆመሽ፣ ገደሉን ተሻግሬ ማሳ ለዋልሁት ለእኔ «ሳይመሽ ና» ትይኝ የነበረው ጥሪ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ በኽምጣኛ፣ መጨረሻውን ወደ ላይ ስበሽ። እንደዚያ የሚስበው ሌላ ሰው የለም። ኮቱን አበላሸሁት፤ ባለቤቱ እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል።

አባቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይሉ ነበር። አንቺ ደግሞ «ያንተ ነገር ገንፎውን ትቶ ስንጥሩን መብላት ነው» ትይኝ ነበር። ይሁን። እንግዲህ ስንጥሬን ላሳይሽ።

የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለችው አንቺ አይደለሽም። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯ የጤፍ ጭድ ይመስላል፣ እምብርቷን ለአገር አሳይታለች። ለቢሆነኝ «የምትጣራው ሚስቴ ናት» ብዬ ብነግረው ሽፋኑን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ሽፋኑን አየና «ጋሽ ደግሰው፣ ጠበል ቢሞክሩ ምን ይመስልዎታል» አለኝ። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ልጅም በቴሌቪዥን አይቷታል፤ እሷ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፁ ያንቺ ነው። ለምንድን ነው ፊትሽን የደበቁት? ሰው ፊቱን የሚደብቀው ወይ ሲታመም ወይ ሲያፍር ነው። ወይስ ሆድሽ ገፍቷል? ጠየቅሁ እንጂ ገፍቷል አላልሁም።

ደግሞ ከሚላኖ የጻፍሽልኝን፣ ሁለት ዓመት ያለፈውን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብሁት። የምታስታምሚያቸው አሮጊት እመቤት፣ ሲኞራዋ፣ የልጅ ልጅ አላቸው፣ ምድር ቤት ውስጥ ድምፅ እየቀዳ በመኪና ሙዚቃ ይሠራል፣ ጫጫታው እንቅልፍ ነሥቶኛል ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ያን ጊዜ አዘንሁልሽ። አሁን ግን እንቅልፍ የነሣሽ ጫጫታው ብቻ ነው ወይ እላለሁ። ካሴቱ ላይ የሚለፈልፈው እሱ ነው? እንዴትስ ቀዳሽ? ማንን ስትጠሪ ነው የቀዳሽ?

ሰውዬው የሚለውን ለማወቅ ከጎጃም የመጣውን የእንግሊዝኛ መምህር ዓለምብርሃንን ለመንሁት። ሱሪውን በነፃ አሳጠርሁለትና ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «ሌሊቱ የእኛ ነው፣ እጃችሁን አንሡ፣ ዝለሉ፣ ዝለሉ ነው የሚለው» አለኝ። ይኸን ለማለት ይኸ ሁሉ ቁጣ? አላመንሁትም። «ሴቲቱስ?» ብዬ ብጠይቀው «እሷ እንኳ ለማጀቢያ ያህል ነው፣ ትርጉም የለውም» አለ። ኽምጣኛ አያውቅም፣ አልፈርድበትም። እኔም ትርጉሙን አልነገርሁትም። ሚስቴ በዓለም ፊት ወንድ ትጣራለች ብዬ ለእንግዳ ሰው ልንገር?

ከሁሉ የከፋውን ስንጥር እስከ አሁን ያዘገየሁት እጄ እንቢ ስላለኝ ነው። በአገራችን የተጣራ ሰው መልስ ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይገባም። አንቺም እኔ ከማዶ «ሰምቻለሁ፣ ግቢ» እስክልሽ ድረስ ዶፍ ቢወርድብሽ ከደጅ አትነቃነቂም ነበር። የምመልስልሽ እኔ ነበርሁ። እዚህ ካሴት ላይ ግን አንቺ ተጣርተሽ ድምፅሽ ሳይበርድ ያ ሰውዬ ተቀብሎ ይጀምራል። ሌላ ወንድ ይመልስልሻል። ይኸን ቀን በቀን ከግድግዳው ማዶ እሰማለሁ፤ መርፌው እየታየኝ ጣቴን እወጋለሁ።

በጥር ሠርግ ደግሞ ባሰ። ድንኳን ውስጥ ተጋብዤ ሥጋ አፌ ሳደርስ ካሴቱ ተከፈተ። ሙሽራ ከነሚዜው፣ አማት ሳይቀር፣ በሚስቴ ድምፅ እስክስታ ወረዱ። ከበሮው ለእስክስታ እንደማይመች እያወቁ ወረዱ። አጉርሱኝ ሳልል ወጥቼ ሄድሁ። በገበያ ቀን ደግሞ ከሰሃላ አህያ እየነዱ የመጡ አንድ ባላገር ሱቁ ደጅ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ጥሪው ከየት እንደመጣ ወደ ተራራው ፈለጉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው መለሱ። ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም። ይኸው ደግሞ ሌላ መላሽ ብዬ በሽማግሌው ቀናሁ፤ እዚህ ድረስ ደርሻለሁ።

እህቴን አልጣሽን ታውቂያታለሽ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ያንተ ሚስት እሷ ናት» ስትለኝ ስድስት ዓመት ሆናት። ከጋዝጊብላ አገኘሁሽ የምትባል ልጅ አገኘችልኝ። ጨዋ ናት፣ ክፉ አልናገርባትም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርጉ እንዲሆን አስቀድሞ የእኔና ያንቺ ጋብቻ በሽማግሌ መፍረስ ነበረበት። እሺ አልኋት። የሆነውን መደበቅ አልችልም፣ እሺ ብያለሁ።

ያለፈው እሑድ በሽማግሎች ፊት ወይራው ሥር ተቀመጥን። እናትሽም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። አባ ገብረ ጻድቅ፣ የፃግብጂው፣ ዳኛ ሆነው ጠየቁኝ፤

«ከሄደች ወዲህ ጠርታህ ታውቃለች?»

«እኔን አልጠራችም፣ አባ። ሌላ ሰው ስትጠራ ግን ሰምቻለሁ። ማስረጃዬን ይስሙልኝ» ብዬ ከቢሆነኝ የተዋስሁትን ቴፕ ከፈትሁት።

ድም ድም ሲል አንዱ ሽማግሌ አማተቡ። ሌላው «ወፍጮ ነው?» አሉ። አልጣሽ በኩራት ታየኝ ነበር። ከዚያ አንቺ ተጣራሽ። አባ ገብረ ጻድቅ በዚያ እርጅናቸው ከድንጋዩ ብድግ አሉ፣ ወደ ማዶ ዞሩና «ሰምቻለሁ፣ ግቢ» ብለው መለሱ። ሳያስቡት ነው። ሽማግሎቹ ሁሉ ተከትለው መለሱ፣ ወይራው ሥር የነበረው ወንድ ሁሉ። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩና አፈሩ።

«ቆዩ እንጂ» አልሁ። «መላሿ እናንተ አይደላችሁም። ይኸው አሁን ይመጣል።»

ሰውዬው መጣና መለፍለፍ ጀመረ። አባ ገብረ ጻድቅ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡት።

«ምን እያለ ነው?»

«መምህሩ እንዳለኝ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ዝለሉ ነው የሚለው።»

«ሳይመሽ ና ላለች ሴት ዝለሉ ብሎ መመለስ አለ እንዴ?»

ሽማግሎቹ ሳቁ። እናትሽ ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። ቀስ ብለው «ልጄ ደግሰው፣ እዚያ አገር ኽምጣኛ የሚሰማ ማን አለ?» አሉኝ።

ጥሩሐረግ፣ ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ ስሰማሽ ይህችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። የሲኞራዋን የልጅ ልጅ ጠረጠርሁ፣ መምህሩን ጠረጠርሁ፣ ሆድሽን ጠረጠርሁ። ሚላኖ ላይ ቆሞ በኽምጣኛ የሚጣራ ሰው ማንን እንደሚጠራ ግን አልጠረጠርሁም።

አባ ገብረ ጻድቅ ፈረዱ። «ሴትዮዋ ደጅ ቆማለች። የተጠራው ሰው ደግሞ እዚህ ተቀምጦ አፋቱኝ ይላል። ደጅ የቆመ ሰው አይፈታም። መጀመሪያ መልስላት፣ ከዚያ በኋላ ነገር ካላችሁ እንቀመጣለን» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። አልጣሽ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። አገኘሁሽን ለሌላ ሊድሯት ነው አሉ፤ ዕድሏ ይቅና።

ትናንት ቢሆነኝ ሱቁን ሊዘጋ ሲል አንዴ ክፈትልኝ አልሁት። ልመልስልሽ ነበር። አንቺ ተጣራሽ፣ እኔ አፌን ከፈትሁ፣ ጎረምሶቹ ዞረው አዩኝ፣ አፌን መልሼ ዘግቼ ወጣሁ። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት።

መጠርጠሬን ተውሁ ብዬ አልዋሽሽም። የሰውዬውን ስምና የሲኞራዋን የልጅ ልጅ ዕድሜ ጻፊልኝ። ፊትሽ የሚታይበት ፎቶም ላኪልኝ፤ የቢሆነኝ አፍንጫ ላይ አስደግፌ ላሳየው። ደግሞም ናፍቀሽኛል። ይኸው አልሁት። መጣሁ እንዳልልሽ ግን መንገዱ የገደል ማዶ አይደለም፤ የማልችለውን አልልሽም። አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ።

የውቅር መስቀለ ክርስቶስ አምላክ ከሰው ክፋትና ከባዕድ አገር ብርድ ይጠብቅሽ። የእናትሽ ምርቃት በሄድሽበት ይከተልሽ። ቀጥሎ ያለውን በቋንቋችን መጻፍ አላውቅበትም፤ አንቺ በእኔ ድምፅ አድርገሽ አንብቢው።

ሰምቻለሁ፣ ጥሩዬ። አምሽቼ ነው የመለስሁት። ደጅ አትቁሚ፣ ግቢ።

ከማዶ፣
ደግሰው