ማን ሊበላቸው ነበር?

ውድ ባምላኩ፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅ ነው። እብናት ከእናትህ ጓዳ ተሸሽገህ ስልኬን ስለማታነሳ፣ ይኸው ጽፌ በሚኒባስ ሾፌር ላክሁልህ።

ዓሦቼ ምን አደረጉህ? ጣት የማያህሉ፣ ጀርባቸው እንደ ቆቅ ዝንጉርጉር፣ ጢማቸውን እያወዛወዙ አሸዋ ከመልቀም በቀር ሥራ የሌላቸው! ጁስ ቤቱን አብረን ስንከፍት «አንች፣ በዓሣ እርባታ ተመርቀሽ ፓፓያ ልትፈጪ?» ብለህ ስቀህብኛል። እኔ የቅጥር ማስታወቂያ ሥር ቆሜ ማርጀት አልፈለግሁም። አራብቼ ለየሆቴሉ ለጌጥ ልሸጥ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ጋቢዬን ለመስታወት ገንዳቸው አልብሼ የተንቀጠቀጥሁት ለዚሁ ነው።

አንድ ደንበኛ «ቅርፊት የላቸውም፤ እንደ አምባዛ ርኩስ ናቸው» ቢልህ ተሸበርህ። ማን ሊበላቸው ነበር? ከአቮካዶ ጋር ልንፈጫቸው ነው? የነፍስ አባታችን አባ ይሻው ቤቱን ጸበል ሊረጩ እንደሚመጡ ስትሰማ ጭራሽ ባሰብህ። እኔ ገበያ በወጣሁበት በባልዲ ወስደህ ጋፋት ወንዝ ለቀቅሃቸው። «ወንዝ እኮ አገራቸው ነው» አልኸኝ፣ ደረትህን ነፍተህ። የእነሱ አገር ቆላ ነው፣ ባምላኩ! የጋፋት ውሃ የሰው እጅ እንኳ ያደነዝዛል።

መስታወቱንስ? አባ ሲመጡ ንጹሕ ይሁን ብለህ በምላጭ የፋቅኸው ቆሻሻ አልነበረም፤ እንቁላል ነበር። የመጀመሪያ እንቁላላቸው። ጠዋት አይቼው፣ አንተ ገና ሥራ ስላልገባህ፣ ከገበያ ስመለስ ላበስርህ ነበር።

አባ ይሻው ሲመጡ አንተ በጓሮ በር ወጥተሃል። ባለቤታቸውን እትየ እመቤትን አስከትለዋል።

«ልጄ፣ ዝንጉርጉሮቹ የት ሄዱ? ጢም ያለው ዓሣ አለ ብላት ውሸታም አለችኝ። ላሳያት ነው ያመጣኋት።»

«አላልሁም!» አሉ እትየ እመቤት፣ ባዶውን መስታወት እያዩ።

ያደረግኸውን ነገርኋቸው። አባ ራሳቸውን ያዙ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! አትብሉ አልን እንጂ አትዩ አልን?»

በእሳቸው ስም የፈረድኸው አንተ ነህ። እሳቸውን ሳትጠይቅ፤ እኔንም ሳትጠይቅ።

ባሕር ዳር ላለው ሻጭ ደውዬ ሌሎች አዝዣለሁ። አንተ ግን የጁስ ቤቱን ደጃፍ ከመርገጥህ በፊት አባ ቤት ሂድ። እትየ እመቤት ፊት ቁምና፣ ጢም ያላቸው ዓሦች እንደነበሩ፣ ማን እንደጨረሳቸውም በገዛ አፍህ ተናገር። አንተ በፈራህ እሳቸው በቤታቸው ውሸታም ተብለው አይኖሩም።

ከመጣህ የምትጮህብህ፣ ካልመጣህ እብናት ድረስ የምትመጣብህ፣
የአጎትህ ልጅ
ፍቅርአዲስ